ፍልሰታና ሦስቱ ልጆቼ

ከአጽዋማቱ ሁሉ ልጆች የራሳቸው የሚያደርጉት ፍልሰታን ነው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ለትንሽ ሆድ ይረዝማል። የነቢያት ጾም ትምህርት ባለበት ወቅት ስለሚገባ ከትምህርት ቤት ምሳ ዕቃ ጋር ያጣላል። ፍልሰታ ግን ትምህርት ቤት ከተዘጋ በኋላ ነሐሴ 1 ይገባል፤ በ13ኛው ቀን ቡሄ አለ፤ በ16ኛው ቀን ይፈታል። የሰፈር ልጅ እናቱን ተከትሎ ቤተ ክርስቲያን ይውላል፣ ይቆርባል፣ ከቅዳሴ በኋላ ዳቦውንና ቆሎውን ይዞ እየተሯሯጠ ወደ ቤቱ ይገባል። እኔም ያደግሁት እንዲሁ ነው። ልጆቼም እንዲሁ ቢያድጉ ደስ ይለኛል። ደስታው ግን ብቻውን አይመጣም፤ ጭንቀቱም አብሮት ይመጣል። ስለ ሁለቱም ልናገር ነው።

የምንኖረው ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ ነው። ድልድዩ ያለው በፒያሳና በአራት ኪሎ መካከል መንገዱ ዝቅ ብሎ በሚያልፍበት ቦታ ነው። ስለዚህ ከቤት የወጣ ሰው በየትም በኩል ቢሄድ ዳገት ይጠብቀዋል። በአንዱ ዳገት አራት ኪሎና ቅድስት ሥላሴ፣ በሌላው ዳገት ፒያሳና አራዳ ጊዮርጊስ አሉ። ደብራችን ጊዮርጊስ ነው። ሦስት ልጆች አሉኝ። ትልቋ ሰባት ልትሞላ ነው፤ መካከለኛው አራት ዓመቱ ነው፤ ትንሹ ገና ዳዴ ይላል። መካከለኛው ጥያቄ አያልቅበትም። ድልድዩን ባለፍን ቁጥር ራስ መኮንን የታሉ ይለኛል። የዐፄ ኃይለ ሥላሴ አባት እንደነበሩ፣ ሐረርን እንዳስተዳደሩ፣ ዓድዋ እንደዘመቱ፣ በ1898 ዓ.ም. ቁልቢ ላይ እንዳረፉ ነግሬዋለሁ። ሁሉንም ሰምቶ ሲያበቃ ድልድዩን እንዴት ትተውት ሄዱ ብሎ አዘነላቸው።

ልጅን በእምነት ማሳደግ በእኛ ዘንድ የሚጀምረው ልጁ ራሱ ምንም ሳያውቅ ነው። ወንድ በተወለደ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ክርስትና ይነሳሉ። መጽሐፈ ኩፋሌ አዳም በ40 ቀን፣ ሔዋን በ80 ቀን ወደ ገነት እንደገቡ ይነግረናል፤ ሥርዓቱም በዚያ መሠረት ነው። ለእናት ይህ ትልቅ የጥበቃ ጊዜ ነው። እርሷም እስከዚያ ቀን ቤተ መቅደስ አትገባም። ትልቋን ስወልድ 80ውን ቀን በመስኮት የጊዮርጊስን ደወል እየሰማሁ ነው ያሳለፍሁት። ቀኑ ሲደርስ ሌሊት ተነስተን ሄድን። ካህኑ አጥምቀው ማተቧን ሲያስሩላት፣ የክርስትና እናቷ በነጭ ነጠላ ጠቅልላ ስትቀበላት፣ ወዲያው ደግሞ ሥጋ ወደሙ ስትቀበል አየሁ። የሰማንያ ቀን ሕፃን ከዚያ ሁሉ ጎልማሳና ሽማግሌ ቀድማ ቆረበች። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ነገር በልቤ ጸንቷል፤ ይህች ልጅ የቤተ ክርስቲያን እንግዳ አይደለችም፣ ባለቤት ናት። ከዚህ በኋላ የምናገረው ሁሉ ከዚህ የሚነሳ ነው።

የጾም ጭንቀት የሚመጣው ልጅ አፍ ሲፈታ ነው። ከሰባት ዓመት በታች ያለ ልጅ እንዲጾም አይገደድም፤ የንስሐ አባታችንም ይህንኑ ይነግሩናል። ነገር ግን ልጅ የሚያየውን ነው የሚያደርገው። እናትና አባት ረቡዕና ዓርብ እስከ ስድስት ሰዓት፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይቀምሱ ሲውሉ የምታይ ልጅ እንቁላሏን ወደ ጎን ገፍታ «እኔም እጾማለሁ» ትላለች። ምን ይባላል? ብይ ብላት ትከፋለች። ዝም ብላት ክብደቷ ያሳስበኛል። ስለዚህ ተስማማን፤ እርሷ ጾሟን እስከ አራት ሰዓት ትይዛለች፤ ከዚያ የአጃ ገንፎ በተልባ፣ ምስር፣ ሽሮ፣ ሙዝ፣ አቮካዶ ትበላለች። የልጅ ሐኪም አማክሬ ባቄላውንና ምስሩን ከእህል ጋር እያደባለቅሁ መስጠት ለምጃለሁ። መካከለኛው ወተቱን ይጠጣል። ትንሹ ጡቱን ይጠባል። በአንድ ቤት ውስጥ ሦስት ዓይነት ማዕድ አለ ማለት ነው፤ እናት ይህን ሁሉ በልቧ ይዛ ታድራለች።

ትምህርት ቤት ደግሞ ሌላ ነገር ያመጣል። ፒያሳ ድሮም የሁሉም ሃይማኖት ሰፈር ነው። አራዳ ጊዮርጊስና በኒ መስጊድ አንድ ሰፈር ውስጥ ናቸው። የልጄ የአንድ ዴስክ ጓደኛ ሙስሊም ናት፤ ሌላው የጴንጤ ልጅ ነው። አንድ ዓርብ ከትምህርት ቤት ስትመለስ «ዓርብ እንቁላል የሚበላ ልጅ እግዚአብሔርን አይወደውም?» አለችኝ። ተቀምጬ አስረዳኋት። ጓደኛሽ በቤቱ እንደተማረው ይጸልያል፣ አንቺም በቤትሽ እንደተማርሽው፤ ጾምሽ የአንቺ ስጦታ እንጂ በሌላ ላይ የምትይዢው መለኪያ አይደለም አልኳት። ይህን ትምህርት ከማንኛውም የጾም ትምህርት አስቀድማለሁ። ሰፈራችን የቆየው በዚህ ነው።

እህቴ አሜሪካ ዩታ፣ ሶልት ሌክ ሲቲ ነው የምትኖረው። የሞርሞን ቤተ ክርስቲያን መቀመጫ ያለው በዚያ ከተማ ነው። ግድግዳ ለግድግዳ የሚጎራበቷት ቤተሰብ ሞርሞኖች ናቸው፤ ልጆቻቸው ብዙ ናቸው። ስልክ ስንደዋወል ስለ እነርሱ ታወራኛለች። በየወሩ የመጀመሪያው እሑድ ሁለት ማዕድ ዘለው ይጾማሉ፤ ያልበሉትን ምግብ ዋጋ ለድሆች ይሰጣሉ። ልጅ የሚጠመቀው ስምንት ዓመት ሲሞላው ነው። ሰኞ ማታ ቴሌቪዥን አይከፈትም፤ ቤተሰቡ አንድ ላይ ተቀምጦ ይጸልያል፣ ይጫወታል፣ ይዘምራል። የጎረቤቷን እናት እሑድ እሑድ ልጆቿን አልባሳ መኪና ውስጥ ስታስገባ ታያታለች። አንዱ ጫማ የለውም፣ አንዷ ፀጉሯ አልተበጠረም፣ አንዱ ሸሚዙ ላይ ጭማቂ አፍስሷል። እህቴ ስትነግረኝ ያቺን ሴት ያወቅኋት መሰለኝ። በእምነት እንለያያለን፤ በስምንት ዓመትና በ40 ቀን መካከል ያለው ልዩነት ትንሽ አይደለም። እሑድ ጠዋት የሚጠፋው አንድ እግር ጫማ ግን ዩታም ራስ መኮንን ድልድይም ያው ነው። ከሰኞ ማታቸው እኛም ወስደናል፤ ከእራት በኋላ ባለቤቴ የዕለቱን ስንክሳር ለልጆቹ በአጭሩ ይተርክላቸዋል። ሰማዕቱ ማን እንደሆነ፣ ምን እንደደረሰበት ይነግራቸዋል። መካከለኛው ሁልጊዜ ስለ እንስሳቱ ይጠይቃል። የጊዮርጊስ ፈረስ ምን ይበላ ነበር? ስሙስ ማን ነበር?

ይህ የፈረስ ነገር ወደ አንድ የፍልሰታ ቀን ይወስደኛል። ወደዚያ ቀን ከመግባቴ በፊት ግን ሰፈሩን ልንገር።

ፊት ፊት በፍልሰታ ብቻዬን ዳገት ወጥቼ አላውቅም። የትልቋ ልጄ የክርስትና እናት ቤቷ ከእኛ በታች ነበር። እርሷ ትወጣለች፣ እኔ እወጣለሁ፣ ከወዲያ ማዶ ያሉት ሁለት ጎረቤቶቼ ይወጣሉ። ልጆቹ አንድ ላይ ይሄዳሉ፤ የአንዱ እናት የሌላውን እጅ ትይዛለች። ያኔ ልጄን አየሽው ብሎ ጠያቂ አልነበረም፤ ሁሉም ሁሉን ያያል። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ ሲመጣ ደጃችን የነበሩ ቤቶች ፈረሱ። ዶሮ ማነቂያ፣ እሪ በከንቱ፣ የፒያሳ ዙሪያ ሁሉ መልኩ ተለወጠ። መንገዱ ሰፍቷል፣ መብራቱም አምሯል፤ ያንን አልክድም። ጎረቤቶቼ ግን ወደ ከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ሄዱ። የክርስትና እናቷም ሄደች። ዛሬ በፍልሰታ ጊዮርጊስ ለመድረስ ሁለት ታክሲ ትይዛለች፤ አንዳንድ ቀን ትመጣለች፣ አንዳንድ ቀን አትችልም። በዚያ ቀን አልቻለችም ነበር።

ቀኑ የሥራ ቀን ነበር፤ ቡሄ ሊደርስ ጥቂት ቀናት ቀርተውት ነበር። የፍልሰታ ቅዳሴ በአዘቦት ቀን የሚገባው እኩለ ቀን ላይ ነው። ባለቤቴ ሥራ ላይ ነው። ትንሹን በጋቢ አዘልኩት፤ ትልቋ የመካከለኛውን እጅ ያዘች። ሦስቱም ሊቆርቡ ነው፤ ሁለቱ ከማታ ጀምሮ ምንም አልቀመሱም። ከድልድዩ ተነስተን ወደ ፒያሳ ስንወጣ ሰማዩ ጠቁሯል። ወንዶች ልጆች ከአንድ ግቢ ውስጥ ጅራፍ ያጮኻሉ፤ መካከለኛው ጅራፍ በሰማ ቁጥር ይቆማል። ከዚያ ፒያሳ ገባን። ፒያሳን በባዶ ሆድ ልጅ ይዞ ማለፍ ፈተና ነው። የሚቆላ ቡና ይሸታል፤ ኬክ ቤቶቹ የጾም ኬካቸውን በመስታወት ውስጥ ደርድረዋል። መካከለኛው አፍንጫውን መስታወቱ ላይ ለጥፎ ቆመ። እህቱ እንደ ትልቅ ሰው ቆጣ ብላ ሳበችው። ደስ አለኝ፣ አሳዘነኝም። የአራት ዓመት ልጅ ኬክ አይቶ ማለፉ ለእርሱ ትልቅ ገድል ነው።

ዝናቡ የጀመረው ምኒልክ አደባባይ ስንደርስ ነው። አደባባዩ ላይ ያለው የዐፄ ምኒልክ ሐውልት በ1923 ዓ.ም. በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ንግሥ ዋዜማ የተመረቀ ነው። ጣሊያኖች አንሥተውት ነበር፤ ከነፃነት በኋላ ወደ ቦታው ተመለሰ። መካከለኛው ልጄ ግን ይህን ሁሉ አይቀበልም። ለእርሱ ፈረስ ላይ የተቀመጠው ቅዱስ ጊዮርጊስ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ፊት ለፊት ነው፤ ፈረስም አለው፤ ታዲያ ማን ሊሆን ይችላል? ባየው ቁጥር ይሳለማል፤ ካላስቆምኩት ወደ ፈረሱ ይሮጣል። በዚያ ቀን ግን ዝናቡ አቻኮለን።

ከቅጥሩ በር ላይ ጋቢዬ ተፈታ። ትንሹ ከጀርባዬ ሊንሸራተት ሲል ዞር ብዬ አስተካከልኩት። በዚያች ቅጽበት፣ ከበሩ ጥግ ከዝናብ የተጠለሉ አንዲት እናት መካከለኛው ልጄ ሲንቀጠቀጥ አይተው አዘኑለትና ከመቀነታቸው ከረሜላ አውጥተው ሰጡት። ስዞር ጉንጩ አብጧል። እርሳቸው ምን በደሉ? ሕፃን በርዶት አዩ፣ ያላቸውን ሰጡ። «እማማ፣ ሊቆርብ ነበር» ስላቸው ደነገጡ፤ «ውይ የኔ እናት፣ ምን አደረግሁ!» እያሉ እጄን ያዙኝ። እጃቸውን ስሜ አለፍሁ። ልጁ ግን ሰምቷል። ሊቆርብ ነበር ማለት አይቆርብም ማለት እንደሆነ ገብቶታል። ወዲያው ማልቀስ ጀመረ፤ እህቱ ትቆርባለች፣ ሕፃኑ ይቆርባል፣ እርሱ ግን አይቆርብም።

ከውስጥ ሴቶች በሚቆሙበት በኩል ገባን። ጊዮርጊስን የሚያውቅ ያውቀዋል። በዓድዋ ድል መታሰቢያነት የተሠራ፣ ስምንት ማዕዘን ያለው፣ በ1903 ዓ.ም. ያለቀ ሕንፃ ነው። ንድፉ የተሰጠው ዓድዋ ላይ ተማርኮ እዚሁ ለቀረው ለጣሊያናዊው መሐንዲስ ለካስታኛ ነበር። በ1929 ዓ.ም. ፋሺስቶች አቃጥለውታል፤ ከነፃነት በኋላ ታድሶ ግድግዳው የአፈወርቅ ተክሌን ሥራዎች ተላብሷል። ትልቋ ሁልጊዜ አንገቷን አቅንታ ሥዕሎቹን ታያለች። በፍልሰታ ግን ሕዝቡ ሞልቶ በረንዳውንና ቅጥሩን ስለሚይዝ ቀና ብሎ ማየት የሚቻለው ሰው ሁሉ ሲሰግድ ብቻ ነው።

ትንሹ ማልቀስ የጀመረው እዚያ ቆመን ሳለን ነው። ወንድሙ ስላለቀሰ ይሁን፣ እርጥብ ጋቢ በርዶት ይሁን አላወቅሁም። ከፊቴ የቆመች ሴት ዞር አለችና «ይህን ልጅ ይዘሽው ውጪ፤ ቅዳሴ ላይ ነን!» አለችኝ። ሌላዋም ጭንቅላቷን ነቀነቀች። ምንም አልመለስኩም። ልጆቼን ሰብስቤ በሰው መካከል እየተሽሎከሎክሁ ወደ በረንዳው ወጣሁ። ልክ ስንወጣ ከቤተ ልሔም መሥዋዕቱ እየመጣ ነው። ቃጭሉ እየተመታ፣ ካህናቱ በጥላ ታጅበው ሲያልፉ ሕዝቡ ሁሉ ወደ ኋላ ሸሽቶ መንገድ ሰጠ፤ ሰገደ። እኔም ትንሹን እንዳዘልሁ ሰገድሁ። ቀና ስል ትልቋ ብቻዋን ቆማለች፤ የወንድሟ እጅ በእጇ የለም።

«እጄን አስለቀቀኝ» አለች፣ ከንፈሯ እየተንቀጠቀጠ።

በቅዳሴ ሰዓት ስም ጠርቶ መጮህ አይቻልም። መጀመሪያ ያሰብሁት ወንዶች በሚቆሙበት በኩል ነው፤ እሑድ እሑድ ከአባቱ ጋር የሚቆመው እዚያ ነው። ከዳር ለቆሙ አንድ ሽማግሌ በሹክሹክታ ነገርኳቸው። ጋቢያቸውን ሰብስበው ከሰው መካከል ገቡ፤ ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው ሄደው ተመለሱ፤ የለም። ያኔ ፈረሱ ትዝ አለኝ። ምኒልክ አደባባይ፤ መኪናው፣ ታክሲው፣ ዝናቡ። ጉልበቴ ከዳኝ። አጠገቤ የነበረች የማላውቃት ወጣት ምንም ሳልላት ትንሹን ከጀርባዬ ፈታ ወስዳ አቀፈችው፤ «ሂጂ፣ እኔ ይዣቸዋለሁ፤ ትልቋም ከእኔ ጋር ናት» አለችኝ። ወደ በሩ ሮጥኩ። ጧፍ የምትሸጠዋ ሴት ጧፏን በላስቲክ ሸፍና ተቀምጣለች፤ ልጅ ሲወጣ አላየችም። የበሩ ዘበኛም አላየም። እማማ፣ እኚያ ከረሜላ የሰጡት እናት፣ ነገሩን ሲሰሙ ተነሥተው በዝናቡ ውስጥ ወደ አደባባዩ ዘለቁ፤ እኔ ከፈረሱ ዙሪያ፣ እርሳቸው በታክሲ ተራው በኩል ፈለግን። የለም። ወደ ቅጥሩ ተመለስን።

እማማ ምሥራቁን፣ እኔ ምዕራቡን ይዘን ዞርን። ያገኙት እርሳቸው ናቸው። በእጃቸው ጠሩኝ።

ቤተ ልሔም በር ላይ ተቀምጧል። ቤተ ልሔም ኅብስቱ የሚዘጋጅባት ከመቅደሱ በስተምሥራቅ ያለች ትንሽ ቤት ናት፤ ከአገልጋዮቹ በቀር ማንም ሰው አይገባባትም። ከደጇ ላይ ከጣራው ጠብታ ተሸሽገው ሁለት ተቀምጠዋል። አንዱ ልጄ ነው፤ ሌላው የቤተ ልሔም አገልጋይ የሆኑ አባት ናቸው። ጋቢያቸውን ልጁ ላይ ጣል አድርገውለታል። ካህናቱ ከዚያ ሲወጡ አይቷል፤ የትኩስ ኅብስት ሽታም አለ፤ ስለዚህ ሁሉም ሲሰግድ እርሱ መሥዋዕቱ የመጣበትን መንገድ ይዞ ወደ ምንጩ ሄዷል። ሲያየኝ ተነሣ። «እማዬ፣ ዳቦው የሚጋገረው እዚህ ነው። ከረሜላውን ተፍቼዋለሁ። አሁን ይሰጡኛል?» አለኝ።

አቅፌው አለቀስሁ። አባም አላናገሩኝም፤ እንዳለቅስ ተዉኝ። በኋላ ልጁን «ነገ በጠዋት ምንም ሳትቀምስ ትቆያለህ፤ እዚሁ አይሃለሁ» አሉት። እሺ አላቸው። ወደ እኔ ዞረው «ልጄ፣ ይህ ልጅ አልጠፋም፤ ቤቱን አግኝቶ ነው የተቀመጠው» አሉኝ። እማማም ልጁን ጉንጩን ሳሙት፤ ይቅርታ የጠየቁት እርሱን ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ቀላል ነበር። ወጣቷ ልጅ ትንሹን አቅፋ አስተኝታዋለች፤ ትልቋ ከእርሷ ጋር ስታዜም ቆይታለች። የመቁረቢያ ሰዓት ሲደርስ ሕፃናት ቀደሙ። ትንሹ በእንቅልፍ ልቡ አፉን ከፈተ። ትልቋ ጠበሏን ጠጥታ አፏን በነጠላ ሸፈነች። መካከለኛው ከጎኔ ቆሞ አየ፤ አላለቀሰም። እማማ ደግሞ ከኋላችን ቆመው ለእርሱ ያሉትን ጸሎት አልሰማሁም፤ ከንፈራቸውን ብቻ አየሁ። ስንወጣ ጫማችን ያለበት ፌስታል ተቀዶ የመካከለኛው አንድ እግር ጫማ የለም። እስከ ራስ መኮንን ድልድይ አዝዬው ወረድሁ፤ ትንሹን ያቺ ወጣት ይዛልኝ መጣች፤ ቤቷ በአራት ኪሎ በኩል ስለሆነ መንገዳችን አንድ ነው። ትልቋ ከቆረበች በኋላ መናገር አይገባም ብላ እስከ ማታ በእጇ ብቻ ስታወራን ዋለች። አባቷ ከሥራ ሲመጣ የሆነውን ሁሉ ለመንገር ስትጨነቅ አይቼ አዘንኩላት፤ በመጨረሻ ወንድሟ ራሱ ነገረው። የጠፋሁት እኔ ነኝ፣ ግን አልጠፋሁም አለው።

ማታ የንስሐ አባታችን ጋ ደወልኩ። ስለ ከረሜላው ጠየቅኋቸው። «ነገ አምጪው፤ የአራት ዓመት ልጅ በረሃቡ ላይ ያን ያህል መንገድ መምጣቱን እግዚአብሔር ያያል» አሉኝ። ስለ ሴቲቱም ነገርኳቸው፤ ይዘሽው ውጪ ስላለችኝ። ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ ጌታ ሕፃናት ወደ እኔ ይምጡ ያለው ደቀ መዛሙርቱ ሲከለክሏቸው ነው፤ ከልካዮቹ ክፉዎች አልነበሩም፣ ለጌታ ያሰቡ መስሏቸው ነው አሉኝ። በማግስቱ መካከለኛው ቆረበ። ባለቤቴ ፈቃድ ወስዶ አብሮን መጣ። እማማ በዚያው በር ጥግ ነበሩ፤ መቀነታቸውን ይዘው ሲያዩት እጁን ከኋላው ደበቀ፤ ሁላችንም ሳቅን።

ልጅ በቅዳሴ መካከል ያለቅሳል። ይራባል፣ ይበርደዋል፣ ሽንቱ ይመጣበታል፣ ስለ ፈረስ ይጠይቃል። ይህ ሁሉ ጸሎትን እንደሚረብሽ አውቃለሁ፤ እኔም ልጅ ሳይኖረኝ ዞር ብዬ ያየኋቸው እናቶች ነበሩ ይሆናል። ነገር ግን ያን ቀን ልጄን ያጣሁት ወደ ውጭ ከወጣሁ በኋላ ነው፤ ያገኘሁትም ከረሜላ በሰጡት እናት ዓይን፣ በዚያች ወጣት ክንድ፣ በሽማግሌው ፍለጋ ነው። ጎረቤቶቻችን በተበተኑበት በዚህ ዘመን ብቻዋን ሦስት ልጅ ይዛ ዳገት የምትወጣ እናት በየደብሩ አለች። በዚህ ፍልሰታ እኩለ ቀን ላይ ወደ ቤተ ክርስቲያን ስትሄዱ አጠገባችሁ ሕፃን ቢያለቅስ እናቱን አታስወጧት። አንድ እጃችሁን ስጧት፤ ትልቁን ልጅ ያዙላት፣ ጥላችሁን አስጠጓት፣ ትንሽ ቦታ ልቀቁላት። ከረሜላውን ግን እባካችሁ ከቅዳሴ በኋላ ስጡልን።